ቋሊማ ቆራጩ ማሽን፣ መቀሱና ሃያ ስድስት መልስ

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ልብሴ ገና ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ በንዴት ነው ኢንተርኔት ላይ በሥራው ሰዎች መወያያ መድረክ የለጠፍኩት። ርዕሱም ንዴቴን ይመስል ነበር። የቋሊማ መለያያ ማሽን ገንዘብ መጣያ ነው፣ መቀስ የያዙ ሁለት ሰዎች ይበልጡታል ብዬ ደምድሜ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልስ መምጣት ጀምሮ ነበር፣ በመጨረሻም ሃያ ስድስት ደረሰ። ግማሹ ሰደበኝ፣ ግማሹ አስተማረኝ፣ የተወሰነው ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላ ነበር።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ቋሊማ ከመሙያው ማሽን ሲወጣ አንድ ረጅም ገመድ ነው። በየተወሰነ ርቀት ሲጠመዘዝ ሰንሰለት ይሆናል። በሁለት ፍሬ መሃል ያለችውን የተጠመዘዘች ቀጭን ቦታ እኛ አንገት እንላታለን። ሰንሰለቱ ዘንግ ላይ ተሰቅሎ ይጨሳል፣ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንገት አንገቱን እየቆረጡ መለየት ነው። በእጅ ሲሆን በመቀስ ነው። በማሽን ሲሆን ደግሞ ሰንሰለቱ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ቺንጋዎች መሃል ተይዞ ይገባል። የብርሃን ሴንሰሩ ውፍረቱ ድንገት ሲቀንስ አንገት መጣች ብሎ ይመዘግባል። ከሴንሰሩ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚሽከረከር ቢላ አለ። ኮምፒውተሩ ርቀቱንና ፍጥነቱን አስልቶ ቢላውን ልክ አንገቷ ስትደርስ ያሳርፈዋል። የመውጫው ቺንጋ ከመግቢያው ስለሚፈጥን የተቆረጡት ፍሬዎች ተራርቀው ይወጣሉ። ሲያወሩት ቆንጆ ነው።

የእኛው ግን ከመቶ አምስት ስድስቱን ያበላሻል። አንዱ ጫፉ ሥጋው ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። ሌላው ሳይቆረጥ መንታ ሆኖ ይመጣል። ሌላው ደግሞ የአይጥ የሚያክል ጭራ አንጠልጥሎ ይወጣል። ያን ጭራ መልሶ የሚከረክመው ሰው ነው። ታዲያ ማሽኑ ምን ሠራ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር፣ ምንም እንኳ በጥያቄ መልክ ባልጽፈውም።

መልሶቹንም ጸሐፊዎቻቸውንም በተራ ቁጥራቸው ልጥራ። ቁጥር 1 ሁለት መስመር ነው የጻፈው። ቢላህን ሳል፣ ከዚያ ተመልሰህ አውራ የሚል መንፈስ ነበረው። ቁጥር 2 በአውራ ጣት ምልክት ደገፈው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ቁጥር 3 ጨዋ ሴት ናት። ማንንም ሳትነካ ሦስት ነገር ጠየቀች፦ ሽፋኑ፣ ማለት ሥጋው የሚሞላበት ቆዳ፣ ምንድን ነው፣ የምትቆርጡት ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን፣ ጥፋቱስ ሁልጊዜ እኩል ነው ወይስ ቀን ይመርጣል። የመጨረሻዋ ጥያቄ አስደነገጠችኝ፣ አስቤው ስለማላውቅ። ቁጥር 4 የእኔ መልስ ነው። ብዙውን ጊዜ ከከብት ቆዳ በሚሠራው ኮላጅን እንደምንሞላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግን የበግ አንጀት እንደምንጠቀም፣ ቆረጣው ከበሰለና ከቀዘቀዘ በኋላ እንደሆነ ጻፍኩ። እየጻፍኩ ሳለ ትዝ አለኝ፤ ጥፋቱ የሚብሰው ለካ በአንጀት ቀን ነው። ይሄን ሳላይ ነው እንግዲህ ስንት ቀን ስሳደብ የከረምኩት።

ቁጥር 5 ረጅም ነው፣ አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን ከክሩ፣ ማለት ከተከታታዮቹ መልሶች ሁሉ አንጀቴን ያራሰኝ እሱ ነው። ሰውየው ሂሳብ ሠራ። ቺንጋው በደቂቃ 30 ሜትር ይሄዳል እንበል። አንዱ ፍሬ 12 ሳንቲሜትር ከሆነ በደቂቃ 250 ፍሬ፣ በሰዓት 15,000 ፍሬ ያልፋል። የእኔ ከመቶ አምስት ማለት እንግዲህ በሰዓት 750 የተበላሸ ፍሬ ነው። እዚህ ላይ ቁና ቁና ተነፈስኩ። ቀጥሎ ወደ ጊዜው ገባ። በዚያ ፍጥነት ሰንሰለቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሴንሰሩ ወይም ቢላው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ቆረጣው 5 ሚሊሜትር ይስታል። መዘግየቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ችግር የለውም፣ አንዴ ፓነሉ ላይ ቁጥር አስገብቶ ማስተካከል ነው። ገዳዩ አንዴ መዘግየቱ፣ አንዴ መቅደሙ ነው። ይሄን ደግሞ የሚያመጣው በአብዛኛው ሰንሰለቱ ቺንጋው ላይ ሲንሸራተት ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቋሊማ ያልበዋል፣ ላቡ ከስቡ ጋር ተደባልቆ ቺንጋውን ሳሙና ያስመስለዋል። የላይኛውን ቺንጋ ጫና እንድፈትሽና የሴንሰሩን መስታወት በደረቅ ጨርቅ እንድጠርግ መከረኝ። አንዲት የውሃ ጠብታ መስታወቱ ላይ ከተቀመጠች ሴንሰሩ በትክክል አያይምም አለ። እውነቱን ለመናገር ጨርቅ ይዤ የሄድኩት ምሳ ሳልበላ ነው።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣ። ሌሎቹ ጋሼ ነው የሚሉት፣ እኔም ልቀጥልበት። ጋሼ ማሽኑን ጨርሶ አላነሳውም። አንገቷ ስንት ዙር ተጠምዝዛለች፣ ስፋቷስ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ትንሽ አጫወተን። በወጣትነቱ በእጁ ይጠመዝዝ ነበር፣ አንዱን ወደፊት፣ ቀጣዩን ወደኋላ። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ብታዞር አዲሱን ስትጠመዝዝ የቀደመው ይፈታብሃል። በእጅ ሲጠመዝዝ ሽፋኑ ሲጨነቅ ጣቱ ይነግረው ነበር። አብዝተህ ከሞላኸው ለመጠምዘዝ ቦታ አይኖርም፣ አንገቷ ታጥራለች፣ ባስ ካለም ይፈነዳል። አሳንሰህ ከሞላኸው ደግሞ ቆዳው ይሸበሸባል። ማሽኑ አንገት አይሠራም፣ ሠርተህ የሰጠኸውን አንገት ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ቢላውን ተወውና ወደ መሙያው ሂድ ብሎ አበቃ።

ይሄ ለእኔ አዲስ ነበር። ቆራጩ ማሽን ክፍል ሁለት ነው፣ መሙያው ክፍል አንድ። መሃል ላይ ጭስ ቤትና ማቀዝቀዣ አለ። እዚህ የማየውን ጥፋት እዚያ የሠራው ሰው አያየውም። እኔም የእሱን አላይም። በግድግዳ ተለያይተን አንድ ሰንሰለት ነው የምንሠራው።

ቁጥር 7 ግን ጋሼን አልወደደውም። የድሮ ወሬ ነው አለው። ዘመናዊው ማሽን በሰርቮ፣ ማለት ኮምፒውተር በትክክል በሚያዝዘው ሞተር የሚሠራ ነው፣ እያንዳንዱን አንገት ለየብቻ አይቶ ነው የሚመታው፣ አንገቷ 4 ሚሊሜትርም ብትሆን ግድ የለውም ባይ ነው። ችግሬም የማሽኑ እርጅና ብቻ ነው ተባልኩ። ሲጽፍ የሚጠቀምበት ቃል ሁሉ ከሽያጭ ወረቀት የተቀዳ ይመስላል። ሻጭ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን ሸተተኝ።

ቁጥር 8 ጋሼን ደግፎ 7ን ገላመጠው። የ5ን ሂሳብ ደግመህ አንብበው፣ 5 ሚሊሜትር መሳት ባለበት ቦታ 4 ሚሊሜትር አንገት ማለት ሥጋ መቁረጥ ነው አለው። ቁጥር 9 ደግሞ 7 ራሱ ነው፣ ተመልሶ መጥቶ 8 አንድም ቀን የማሽን ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ከሰሰ። ስለ አንገት ጀምረው የሚተናነቁት እነሱ ሆኑ።

አሁን ወደ ቁጥር 10 ልሂድ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ክሩ ከቀልድ ወጣ። የጻፈው ልጅ ክፋት የለውም፣ ሊረዳኝ ነው። የበግ አንጀት ቋሊማ እንደ ማጭድ ስለሚጎብጥ ቺንጋው ቀጥ አድርጎ አይዘውም፣ ስለዚህ የማሽኑን መከላከያ ሽፋን ከፍተህ ሰንሰለቱን በእጅህ እየደገፍክ አስገባው፣ ደግሞ ለጥንቃቄ የብረት መረብ ጓንት አድርግ አለኝ።

ቁጥር 11 ጮኸበት። በጽሑፍ መጮህ እንደሚቻል ያየሁት ያን ቀን ነው። የብረት መረብ ጓንት በእጅህ ለምትይዘው ቢላ ነው፣ ለሚሽከረከር ስለት አይደለም። የሚሽከረከረው መረቡን ይነክሰዋል፣ ከዚያ ጣትህን ብቻ ሳይሆን ክንድህን ነው ጎትቶ የሚያስገባው። ጓንት ባይኖር ምናልባት ትቆረጥ ነበር፣ በጓንት ግን ትበላለህ። ይሄን የጻፈው ሰው ካየው ነገር ተነስቶ ነው። እሱ በሠራበት አንድ ቦታ ሥራው እንዳይቆም ብለው የመከላከያ ሽፋኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ማብሪያ ላይ ትርፍ ማግኔት በፕላስተር ለጥፈው ነበር። ማብሪያው ሽፋኑ የተዘጋ እየመሰለው ማሽኑ ተከፍቶ ይሠራል። አንድ ባልደረባው ማሽኑን አጥፍቶ የተጠላለፈውን ሰንሰለት ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ሞተሩ ቆሟል፣ ቢላው ግን በራሱ ግፊት ገና እየዞረ ነበር። ሁለት ጣት። ከዚያ በኋላ ሌላ ዝርዝር አልጻፈም፣ የጠየቀውም የለም። መብራቱን ከምንጩ ቆርጠህ፣ ቁልፍ ቆልፈህበት፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ፣ ቢላው መቆሙን በዓይንህ አይተህ ነው እጅ የሚገባው ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 12 ከ10 የመጣ ይቅርታ ነው። አጭር ነው፣ ከልቡም ይመስላል። እኔ በበኩሌ ቀጥ ብዬ ሄጄ የእኛን ማሽን ሽፋን ከፍቼ ሞከርኩት። ቆመ። ተመስገን።

ቁጥር 13 ሰላም አወረደና ስለ ጭራው አነሳ። በአንድ ማሽን መለየትም መከርከምም ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። ይቻላል አለ ቁጥር 14፣ ቢላውን መንታ ካደረግከው። ሁለት ስለት ጎን ለጎን ይቆሙና አንገቷን ከግራም ከቀኝም ይመቷታል፣ አንገቷ ቁራጭ ሆና ትወድቃለች፣ የሁለቱም ፍሬ ጫፍ አጭር ሆኖ ይቀራል። ግን ያቺ ቁራጭ የት ትሄዳለች? ቀላል ናት፣ እርጥብ ናት፣ ያገኘችው ነገር ላይ ትለጠፋለች። በአየር ካልመጠጥካት ወይም ከታች በተከፈተ ክፍተት ካልጣልካት ቋሊማው ላይ ተለጥፋ ፓኮ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ደንበኛው ምን እንደሆነች የማያውቃት የላስቲክ ቅራፊ የምትመስል ነገር አገኘሁ ብሎ ይደውላል። ደግሞ መንታ ቢላ የሚፈልገው ሰፊ አንገት ነው። ጠባብ አንገት ላይ ሁለት ስለት ማለት ሁለት ጊዜ ሥጋ መቁረጥ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ፈገግታ ብቻ አስቀምጦ አለፈ፣ እሱ ራሱ ቁጥር 15 ተብሎ ተቆጠረ።

ጭራው ለምን ያሳስባችኋል፣ ሲጠበስ ይጠፋል የሚሉም ነበሩ። እኔ ግን የማሸጊያውን ክፍል ስለማውቅ አልስማማም። ቋሊማው ትሪው ውስጥ ሲደረደር ጭራው ወደ ላይ ቆሞ የሚታሸገው ጠርዝ ላይ ከተኛ፣ ላስቲኩ እሱ ላይ ይዘጋል። የተዘጋ ይመስላል። አይደለም። በጭራዋ ሥር አየር ይገባል፣ ቫኪዩሙ ይፈታል፣ በሁለተኛው ቀን ፓኮው ላልቶ ይገኛል። ሦስት ሚሊሜትር ጭራ አንድ ሙሉ ፓኮ ያስጥላል። ይሄን ለማሸጊያ ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም፣ ያውቀዋል።

ቁጥር 16 የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፣ ቋንቋዋ እንደ ሪፖርት ነው፣ ግን የተናገረችው ክብደት አለው። ቋሊማው ሲበስል መሃሉ 72 ዲግሪ ደርሶ አብዛኞቹ ጀርሞች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚነካው ማን ነው? ቆራጩ ማሽን። ስለዚህ ማሽኑ ቆሻሻ ከሆነ ያጸዳኸውን መልሰህ አቆሸሽከው ማለት ነው። የምትፈራውን ጀርም በስም ጠራችው፦ ሊስቴሪያ። ይሄ ጀርም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይራባል፣ ሌሎቹ ተኮራምተው ሲቀመጡ እሱ ቀስ እያለ ይበዛል። እርጉዝ ሴትና አቅመ ደካማ ሰው ላይ ደግሞ ክፉ ነው። የሚደበቀው ቢላው ላይ አይደለም፣ ቢላውን ሁሉም ያጥበዋል። ከቺንጋው ሆድ ሥር፣ በሮለሩ ጫፍ፣ በኩሽኔታው ዙሪያ፣ ከተሰነጠቀ ጎማ ውስጥ ነው። ቺንጋው ያለ መፍቻ የማይወልቅ ማሽን ካላችሁ በየቀኑ እንደማይወልቅ እወቁት አለች። ይቺ ነገር ትክክል ናት። መፍቻው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ነው። በተጨማሪ በከባድ ግፊት ውሃ መርጨት ቆሻሻውን ወደ አየር በትኖ የታጠበው ላይ መልሶ ያሳርፈዋል፤ መጀመሪያ ፍርፋሪውን ልቀሙ፣ በዝቅተኛ ግፊት አለቅልቁ፣ አረፋ ቀቡ፣ ጠብቁ፣ እንደገና አለቅልቁ፣ ከዚያ ነው የጀርም ማጥፊያው የሚመጣው። ቁጥር 8 አሉሚኒየም ክፍል ካለው ኃይለኛው አልካሊ ሳሙና እንደሚበላው አስታወሳት። አመሰገነችው።

እሷው ስለ ብረትም ጨመረች። የሰንሰለቱ መጨረሻ በአሉሚኒየም ክሊፕ የሚዘጋ ከሆነ ማሽኑ ክሊፑንም አንገት ብሎ ሊመታው ይችላል። ቢላው ይሸረፋል። ሽርፋፊው ቋሊማ ውስጥ ይገባል። ምግብ ውስጥ የገባ ብረት የሚያገኘው ብረት መለያ ማሽን ይይዘዋል ብላችሁ አትተኙ፣ የቢላ ብረት አይዝጌ ነው፣ መለያው ማሽን በጣም የሚቸገረው ደግሞ በአይዝጌው ነው፣ በተለይ እርጥብና ጨዋማ በሆነ ነገር ውስጥ ሲሆን። ክሊፑን በእጅ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከዚያ ነው ማሽን።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱ ጠፋው። የጠፋው በቁጥር 17 ነው። ሰውየው አንገትም ጭራም የሌለበት ቋሊማ ለምን አትሠሩም ብሎ ገባ። በሴሉሎስ፣ ማለት ከተክል ጭረት በሚሠራ ሽፋን ሙላው፣ አብስለው፣ ከዚያ ልጠው። የመላጫውን ማሽን አሠራር ግን ጥሩ አድርጎ ገለጸው። ቋሊማው በእንፋሎት ውስጥ ሲያልፍ ሽፋኑ ይላላል፣ ትንሽ ስለት ሽፋኑን ብቻ በርዝመቱ ትተረትረዋለች፣ አየር ገልጦ ይነፋዋል፣ ቋሊማው ራቁቱን ይወጣል። ስለቷ ትንሽ ከገባች ሥጋው ላይ መስመር ትተዋለች፣ ካልገባች ደግሞ ሽፋኑ ከነቋሊማው ይሄዳል። ማለት ችግሩን አልፈታውም፣ ሌላ ክፍል ወሰደው።

ቁጥር 18 ሴሉሎስ ሲባል ሰምቶ ፈጽሞ ሌላ ዓለም ገባ፣ እኔ ግን አልተቀየምኩትም። በ1943 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ በጦርነት ተይዛ ሳለ ዶክተር ቪለም ኮልፍ የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ሠራሽ ኩላሊት የገጠመው በቋሊማ ሽፋን ነበር። ከሴሉሎስ የተሠራውን የሴሎፋን ቱቦ ከበሮ ላይ ጠመጠመው፣ የበሽተኛው ደም በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ከበሮው ጨው ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቆሻሻው በሽፋኑ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አልተረፉም። በ1945 ግን አንዲት ሴት ተረፈች። እኔ በየቀኑ የምረግጠው ሽፋን ዘመድ ይሄን ሠርቷል ብዬ ጥቂት ዝም አልኩ።

ቁጥር 19 ላለመበለጥ ይመስላል ወደ መርዝ ወሰደን። ቦቱሊዝም የሚባለው የምግብ መመረዝ ስሙን ያገኘው ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፣ ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም፣ ገጣሚም ነው፣ በ1820ዎቹ የቋሊማ መርዝ ብሎ በዝርዝር ጽፎበታል፣ በራሱም ላይ ሞክሮታል። ቁጥር 20 ቆጣ ብሎ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ጠየቀ፣ እዚህ የመጣሁት ስለ ማሽን ላነብ ነው እንጂ ምሳዬን ልተው አይደለም አለ። አልተሳሳተም።

ቁጥር 21 ላይ የተነሳውን ማለፍ አልፈልግም። እስካሁን ሁላችሁም የተናገራችሁት ስለ ማሽኑ ነው፣ መቀሱን ይዘው የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ቁጥር 7ም ወዲያው እድገትን የሚጠላ አለው። ከዚያ አንዲት ሴት ገባች፣ ቁጥር 22። መቀስ ይዛ ዓመታት የሠራች ናት። ለማንም አላደላችም። በአንድ ፈረቃ ስንት ሺህ ጊዜ ጣትሽን እንደምትጨምቂ አትቆጥሪም፣ ሌሊት ግን እጅሽ ይቆጥረዋል አለች። አውራ ጣቷና ሁለቱ ጣቶቿ ደንዝዘው የምትነቃበት ጊዜ ነበር። ማሽን በመምጣቱ አልቅሳ አታውቅም፣ ሥራዋ እንዳይወሰድ ግን ፈርታ ታውቃለች። ሁለቱም እውነት ነው አለች። ከዚህ በኋላ 7 ለጥቂት ጊዜ ጠፋ።

እኔም እዚህ ላይ ስለ እኛዋ ሴት ጻፍኩ፣ ቁጥር 23 ነው። ከመቀስ ወደ ማሽኑ መውጫ ተዛውራለች። የምታደርገው ነገር ገርሞኝ ያውቃል። ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ፓኮ እየደረደረች በድምፁ ታውቃለች። ቢላው አንገት ሲመታ ጠቅ ይላል፣ ደረቅ ድምፅ ነው። ሥጋ ሲመታ ቸፍ ይላል። ሁለት ሦስቴ ቸፍ ካለ ሳትዞር እጇን ታነሳለች፣ ማሽኑን የሚይዘው ልጅ ያቆማል። ቁጥር 5 ይሄን ሲያነብ ሴንሰር የሚባለው እሷ ናት ብሎ ቀለደ፣ እኔ ግን ቀልዱን በቁም ነገር ወሰድኩት፤ ከመቶ አምስት የሚለውን ቁጥሬን ያገኘሁት ከእሷ ነው።

በዚያው መልሴ ሠርቼ ያየሁትንም አስቀመጥኩ። ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዤ ከኮላጅኑ ሃምሳ አንገት፣ ከበግ አንጀቱ ሃምሳ አንገት ለካሁ። የኮላጅኑ ሁሉም በ8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ተመሳሳይ ነው፣ ወታደር ነው። የአንጀቱ ግን አንዱ 9፣ አንዱ 3፣ አንዱ ጨርሶ አንገት የሌለው፣ ሁለት ሆድ ተሳስሞ የቆመ። በ3 ሚሊሜትር አንገት ላይ 5 ሚሊሜትር የሚስት ቢላ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ቢላውን ሳልኩት፣ መስታወቱን ጠረግኩት፣ በአንጀት ቀን ፍጥነቱን ከ30 ወደ 20 ሜትር አወረድኩት፣ ያኔ ያው መቶኛ ሰከንድ የሚያስተው 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክፍል አንድ ሄጄም የመሙያውን ልጅ ትንሽ አሳንሶ እንዲሞላና ጥምዙን ከሁለት ዙር ወደ ሦስት እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ሽፋን ይበላል ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፣ ይበላል። እያንዳንዷ ተጨማሪ ዙር ከሽፋኑ ትወስዳለች፣ በቀን በሺዎች ሲባዛ ቀላል አይደለም። ግን አደረገው። ከመቶ አምስት የነበረው ኮላጅኑ ላይ ከአንድ በታች ወረደ። አንጀቱ ላይ ግን ሦስት ላይ ቆመ፣ ከዚያ በታች እምቢ አለ።

ቁጥር 24፣ ማለት 7 ተመልሶ መጣና መስታወቱን መጥረጌን አይቶ፣ ችግሩ ሴንሰሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ፣ ያለው ግን 5 ሆኖ ሳለ፣ ድሉን ወሰደ። ቁጥር 1 ደግሞ ቢላህን ሳል ያልኩህ እኔ አይደለሁም ወይ አለ፣ 25 እሱ ነው። እሺ ብያለሁ፣ ሁለታችሁም ውሰዱ።

ቁጥር 26 ጋሼ ነው። ስለተሻሻለው አልተደሰተም፣ ስለቀረው ሦስት ነው የጠየቀው። የአንጀቱን አንገት አቅርበህ ፎቶ አንሳና ለጥፍልኝ አለ። አነሳሁ። በፎቶው ላይ አንገቷ ጥፍሬን ታህላለች፣ ጭሱ ቡናማ አድርጓታል፣ ጥምዟ እንደ ገመድ ክር ይታያል። መልሱን ከቁጥር 26 ሥር ጨመረው፦ ሦስት ዙር ብለሃል፣ ቁጠረው። የመሙያው ፓነል ላይ 3 የሚል ቁጥር አለ፣ ልጁም አሳይቶኛል፣ ምን ይቆጠራል ብዬ ልከራከር ነበር። ፎቶውን አጎላሁና በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ግማሽ ላይ ያልቃል። ሌላ አንገት ወሰድኩ፣ ሁለት ብቻ። ሌላ ወሰድኩ፣ ሁለት እንኳ አልሞላም።

ጋሼ የሚቀጥለውን ጠብቆ ነበር። መሙያው ቱቦ ሲሽከረከር ሽፋኑን ጨብጦ የሚያዞረው የጎማ ቀለበት አለ፣ ፍሬን ነው የሚሉት፣ እሱ ካለቀ ቱቦው ሦስት ዙር ይዞራል፣ አንጀቱ ግን እየተንሸራተተ ሁለት ብቻ ይከተለዋል። ኮላጅኑ ደረቅና ሸካራ ስለሆነ በአለቀ ቀለበትም ይያዛል፣ እርጥቡ አንጀት ግን ያሟልጨዋል። ቀለበቱን መቼ ነው የቀየራችሁት ብሎ ጠየቀኝ።

ክፍል አንድ ሄጄ ልጁን ጠየቅኩት። የትኛውን ቀለበት አለኝ።